የፈረስ ዓይን ቆብ ሳርኮይድ፦ የትኛው ጨረር፣ እስከ ምን ጥልቀት?

ኮርቻና_ልጓም፦
ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ እንግሊዝ አገር ያለ የ8 ዓመት ዳማ ፈረስ ነው፤ ክብደቱ 500 ኪሎ። በግራ ዓይኑ የላይኛው ቆብ ላይ 2.5 በ1.5 ሴሜ የሆነ ጠንካራ እብጠት አለ። ቆዳው ከእብጠቱ ጋር ተጣብቋል፤ እብጠቱ ግን ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ ይንሸራተታል። በአልትራሳውንድ ውፍረቱ 9 ሚሜ ነው። ብሽሽቱ ውስጥ ደግሞ ፀጉር የረገፈባቸው ሁለት ክብ ቦታዎች አሉ። ኮርኒያው (ከዓይኑ ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ንጹሕ ነው፤ ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ይከድናል። ናሙና አልተወሰደም።

ባለቤቱ ጨረር ይሻላል ተብሏል። ለምን ተቆርጦ አይወጣም? ጨረር ከሆነስ የትኛው? ፈረሱ ወደ ጋጣው ሲመለስ ልጆች ቢነኩት ችግር አለው?

ጥቁር_ኮቴ፦
ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ። አገላለጽዎ ሳርኮይድ ይመስላል፤ በተለይ የብሽሽቱ ክብ ቦታዎች ጥርጣሬውን ያጠናክሩታል። ሳርኮይድ በፈረስ ላይ ከሚታዩ የቆዳ ዕጢዎች ሁሉ የሚበዛው ነው። ከከብት የፓፒሎማ ቫይረስ (በዋናነት ዓይነት 1 እና 2) ጋር የተያያዘ ነው፤ ዝንብ ከቦታ ቦታ ሳያዘዋውረው አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ስድስት መልክ አለው፦ ፀጉር ብቻ የሚያረግፈው ድብቁ፣ ኪንታሮት መሰሉ፣ እንደ እርስዎ ያለው ጠጠር መሰሉ፣ ቁስል ሆኖ ሥጋ የሚያወጣው፣ ድብልቁ፣ በመጨረሻም በሊምፍ መስመር ዙሪያ እየሰረገ የሚሄደው ክፉው። ወደ ሳንባና ጉበት አይዘምትም፤ ጉዳቱ እዚያው ባለበት ነው።

መቁረጥን የሚያከብደው ቦታው ነው። የሳርኮይድ ጠርዝ ዓይን ከሚያየው አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቢያንስ 1 ሴሜ ጤነኛ ቆዳ አብሮ መነሳት አለበት። ደረት ላይ ቢሆን ቀላል ነበር። የላይኛው ቆብ ላይ ግን 2.5 ሴሜ እብጠት በግራና በቀኝ 1 ሴሜ ሲጨመርበት 4.5 ሴሜ ይሆናል፤ ያ ማለት ቆቡ በአብዛኛው ሄደ ማለት ነው። ፈረስ ዓይኑን በዋናነት የሚከድነው በላይኛው ቆብ ነው። ቆቡ ካጠረ ኮርኒያው ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ መጨረሻው ዓይኑን ማውጣት ሊሆን ይችላል። ጠርዙን ቆጥቦ መቁረጥ ደግሞ ዕጢውን ቆስቁሶ መተው ነው፤ ሲመለስ ከበፊቱ ይብሳል።

ባለቤቱ አሁኑኑ ሊያውቀው የሚገባ ነገር፦ ትልቁ ዕድል የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ቅባት ተሞክሮ፣ ከዚያ ተቆርጦ፣ ከዚያ ወደ ጨረር የሚመጣ ሳርኮይድ ጠባሳና ቀሪ ሥር ይዞ ስለሚመጣ የስኬቱ ዕድል ይቀንሳል።

ባለቢላው፦
ዶክተር፣ ናሙና ሳይወሰድ ስለ ጨረር መነጋገር እንዴት ይሆናል? ዓይን ዙሪያ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰርም አለ።

ጥቁር_ኮቴ፦
ትክክል ነህ። ካርሲኖማ ግን በብዛት የሚይዘው ዓይኑ ዙሪያ ቀለም የሌለውን ፈረስ ነው፦ ፊተ ነጩን፣ አፓሉሳና ሃፍሊንገር የሚባሉትን ዝርያዎች። ሃፍሊንገር ውስጥ ዲዲቢ2 የተባለው ጂን ጉድለት ተገኝቷል፤ ፀሐይ የጎዳውን ዲኤንኤ የሚጠግነው ሥራ ሲጓደል የኮርኒያው ጠርዝ ላይ ካርሲኖማ ይወጣል። የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከቆቡ ጫፍ፣ ከሦስተኛው ቆብ ወይም ከኮርኒያው ጠርዝ ሆኖ ሮዝ፣ የሻከረና የሚደማ ነው። ቆዳ ሥር ያለ ጠጠር በዳማ ፈረስ ላይ ያን አይመስልም።

ናሙና ይወሰድ ካልን የሚወሰደው የጨረሩ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ነው። ተኝቶ የነበረ ሳርኮይድ በመርፌ ሲነካ ተነስቶ ቁስል ወደሚሆነው መልክ ሊለወጥ ይችላል። ናሙና ወስዶ ለሦስት ወር መዘግየት አይመከርም። እብጠቱ ቆስሎ ቢሆን ኖሮ በጥጥ ጠርጎ የቫይረሱን ዲኤንኤ በፒሲአር መፈለግ ይቻል ነበር።

ግማሽ_ዕድሜ፦
ወደ ጨረሩ። ሐኪሞች «ጨረር ይሁን» ብለው ይልኩና የቀረውን ለፊዚክስ ይተዉታል። የትኛው ጨረር እንደሚሆን የሚወስነው ግን ያ 9 ሚሜ ነው፤ ስለለካችሁት እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ስትሮንቲየም-90፦ እንደ እስክርቢቶ የሚያዝ ዘንግ ጫፍ ላይ 8 ወይም 9 ሚሜ ስፋት ያለው ክብ ምንጭ ነው። የሚያወጣው ቤታ የሚባል ጨረር ነው፤ ኃይሉ ያለው ከስትሮንቲየሙ በሚወለደው ኢትሪየም-90 ላይ ሲሆን ጣሪያው 2.27 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ችግሩም ጥቅሙም አንድ ነው፦ አይዘልቅም። ገጹ ላይ 100 ብንል 1 ሚሜ ላይ ከግማሽ በታች፣ 2 ሚሜ ላይ አንድ አምስተኛ ገደማ፣ 4 ሚሜ ላይ ከ100 አምስት ገደማ ብቻ ይቀራል። ለኮርኒያ ጠርዝ ካርሲኖማ ወርቅ ነው፦ ዕጢው በቀዶ ይላጫል፣ መነሻው ቦታ ላይ ዘንጉ ይደረጋል፣ ከኋላ ያለው ሌንስ ብዙም አይነካም። ለ9 ሚሜ ሳርኮይድ ግን ቀለም እንደ መቀባት ነው፦ ላዩ ይነጣል፣ ሥሩ ይቀራል።

ኤሌክትሮን ከሊኒየር አክስለሬተር (ከውጭ ጨረር የሚሰጥ ትልቅ ማሽን)፦ የአእምሮ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የኤሌክትሮኑን ኃይል በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለ3 ስታካፍሉት መጠኑ ወደ 80 በመቶ የሚወርድበትን ጥልቀት በሴንቲ ሜትር፣ ለ2 ስታካፍሉት የሚያበቃበትን ታገኛላችሁ። ስለዚህ 6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት እስከ 2 ሴሜ ይሠራል፣ 3 ሴሜ ላይ ያልቃል። ለ9 ሚሜ በቂ ነው፤ ከቆቡ ሥር ያለው ዓይን ግን እዚያው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ቆቡና ዓይኑ መካከል መከለያ መግባት አለበት።

ፎቶን ከዚያው ማሽን፦ በ6 ሜጋ ቮልት ከፍተኛው መጠን የሚደርሰው 1.5 ሴሜ ጥልቀት ላይ ነው፤ ቆዳው ራሱ ይራባል። ለውስጥ ዕጢ በረከት የሆነው ለቆዳ ዕጢ እርግማን ነው። ይህን ለማካካስ ከ0.5 እስከ 1 ሴሜ ውፍረት ያለው ውሃ አከል ነገር (ቦለስ) ቆዳው ላይ ይለጠፋል። ፈረስ ፊት ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ስለማይገኝ ከቦለሱ ሥር አየር ይቀራል፤ አየር በቀረበት ቦታ ደግሞ ቆዳው የታሰበለትን መጠን አያገኝም። ውሃ የጠገበ ሻሽ ከሚሸጠው ሉህ የተሻለ ይለጠፋል።

ኢሪዲየም-192፦ ጋማ ጨረር የሚያወጣ ብረት ነው፤ ምንጩ ዕጢው ውስጥ ይገባል። ለእንደዚህ ያለ እብጠት የምመርጠው ይህን ነው፤ ለብቻው እጽፍበታለሁ።

ኮርቻና_ልጓም፦
አመሰግናለሁ። ስትሮንቲየም ወጣ ማለት ነው። ሊኒየር አክስለሬተር ግን ቆዳ ሳይወጋ ከውጭ የሚሠራ ስለሆነ ለፈረሱ አይቀልም?

እንቅልፍና_ንቃት፦
ለሰው ይቀላል። ለፈረስ በተቃራኒው ነው። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር በአንድ ቀን አያልቅም፤ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። ማሽኑ ሥር አንድ ሚሊ ሜትር እንዳይነቃነቅ ደግሞ ፈረሱ ሙሉ በሙሉ መተኛት አለበት። ማለትም በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሙሉ ማደንዘዣ።

የሆድ ቁርጠት የሌለበት ጤነኛ ፈረስ በማደንዘዣ ምክንያት የመሞት ዕድሉ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ትልቅ የብዙ ሆስፒታሎች ቆጠራ ከ100 ፈረስ 0.9 ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የወጣው አዲስ ቆጠራ ወደ 0.6 አውርዶታል። ለአንድ ጊዜ ይህን መሸከም ይቻላል። 5 ጊዜ ሲደጋገም ግን ከ100 ወደ 3 ይጠጋል፤ ያውም ለማይገድል የቆዳ ዕጢ። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ሲነሳ ነው፦ 500 ኪሎ እንስሳ ግማሽ ነቅቶ ሊቆም ሲሞክር እግር ይሰበራል። ረጅም ሰዓት በአንድ ጎን ሲተኛም ከታች ያለው ጡንቻ ደም ያጣል።

ቆሞ፣ በማረጋጊያ ብቻ የሚታከምበት መንገድ ካለ ያ ይቀድማል። ማሽኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን።

ግማሽ_ዕድሜ፦
አሁን ኢሪዲየም። ሁለት አሠራር አለው፤ ሰዎች ይደባልቋቸዋል።

የቀድሞው ቀስታ የሚሰጠው ነው። ቀጫጭን የኢሪዲየም ሽቦዎች ዕጢው ውስጥ ገብተው ለቀናት ይቀመጣሉ። የተለመደው ጠቅላላ መጠን ከ60 እስከ 70 ግሬይ (አካል የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ነው። በሰዓት 0.4 ግሬይ የሚሰጥ ከሆነ 70 ግሬይ 175 ሰዓት፣ ማለትም ከ7 ቀን ትንሽ በላይ ይወስዳል። የኢሪዲየም ግማሽ ዕድሜ 73.8 ቀን ስለሆነ በየቀኑ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በ7 ቀን ውስጥ 6 በመቶ ያህል ይወርዳልና ሽቦው የሚወጣበት ሰዓት ሲሰላ ይህ መግባት አለበት።

ሽቦውን በዘፈቀደ መሰካት የለም። የፓሪስ ሥርዓት የሚባለው ደንብ ሽቦዎቹ ትይዩና እኩል የተራራቁ ይሁኑ ይላል። በአንድ ረድፍ ከተደረደሩ የሚታከመው ውፍረት የርቀታቸው 0.5 ወይም 0.6 ነው፦ በ10 ሚሜ ርቀት 5 ወይም 6 ሚሜ ብቻ። የእናንተ 9 ሚሜ ነው፣ ጠርዝ ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ረድፍ ያስፈልጋል። በሦስት ማዕዘን ሲደረደሩ የሚታከመው ውፍረት የርቀቱ 1.3 እጥፍ ነው፤ በ10 ሚሜ 13 ሚሜ ታገኛላችሁ። ርዝመቱም እንዲሁ፦ የሚታከመው የሽቦው ርዝመት 0.7 ገደማ ነው። 4.5 ሴሜ ለመሸፈን 6.4 ሴሜ ሽቦ ይገባል። ከሚያጋጥሙ ስህተቶች ዋናው ይህ ነው፦ ሽቦውን ልክ በዕጢው ርዝመት ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ በረሃብ መተው። ዕጢው የሚመለሰው ከጫፍ ነው።

ሌላው መንገድ ከጨረሩ በፊት እብጠቱን በቀዶ ሸርፎ ማሳነስ ነው። ጠርዝ ፍለጋ አይደለም፤ ውፍረቱን ወደ 5 ሚሜ አውርዶ አንድ ረድፍ እንዲበቃ ማድረግ ብቻ ነው።

አዲሱ ፈጥኖ የሚሰጠው ነው። ካቴተር የሚባሉ ባዶ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ብቻ ይገባሉ፤ ሁሉም ሰው ከክፍሉ ሲወጣ በብረት ገመድ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ምንጭ ከማሽኑ ወጥቶ በየካቴተሩ እየገባ በየ5 ሚሜው ለተሰላ ሴኮንድ ይቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። የአዲስ ምንጭ ጥንካሬ 370 ጊጋ ቤከሬል ገደማ ነው። ሕክምናው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ ፈረሱም ቆሞ ሊታከም ይችላል።

ፈረሱን የሚመለከት ምክር፦ ምንጩ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። አዲስ ሳለ 6 ደቂቃ የሚወስድ ሕክምና ከ74 ቀን በኋላ 12 ደቂቃ ይወስዳል። ለሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ለቆመ ፈረስ የ6 ደቂቃ ጭማሪ አንገት የሚነቀነቅበት ጊዜ ነው። ቀጠሮው ከምንጭ ቅየራው በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢሆን ይመረጣል።

ሸዋዬ_ዘ_ካርዲፍ፦
«2 ጊዜ 12 ግሬይ» የሚል አነበብኩ። 24 ግሬይ ከ70 እንዴት ይስተካከላል?

ግማሽ_ዕድሜ፦
እህቴ፣ የፈጣኑን ግሬይ ከቀስታው ጋር ቁጥር በቁጥር ማወዳደር አይቻልም። በየቀጠሮው 2 ግሬይ ብቻ ቢሰጥ ወደሚሆነው አቻ ስንለውጠው 2 ጊዜ 12 ግሬይ ለዕጢው (አልፋ በቤታ የሚባለውን የሕዋስ ባሕርይ መለኪያ 10 ብለን ብንወስድ) 44 ግሬይ፣ ዘግይቶ ለሚጎዳው ጤነኛ ሕዋስ (3 ብለን) ደግሞ 72 ግሬይ ይሆናል። ልብ በይ፦ በትልልቅ መጠን መስጠት የበለጠ የሚጎዳው የዘገየውን ነው፤ ጠባሳውን፣ የቆቡን መኮማተር። መጠኑ ተከፋፍሎ የሚሰጥባቸው ጊዜያት የሚበዙት ለዚህ ነው። የሚወስነው ሐኪምና ፊዚሲስት ተቀምጠው እንጂ ከበይነመረብ የተቀዳ ቁጥር አይደለም።

የጋጣ_ነርስ፦
ፊዚክሱን ለባለሙያዎቹ ትቼ እጅ የሚነካውን ልጻፍ።

ማረጋጊያ፦ ዴቶሚዲን በኪሎ 10 ማይክሮግራም በደም ሥር፤ ለ500 ኪሎ 5 ሚግ፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 10 ሚግ ከያዘው 0.5 ሚሊ ሊትር። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቡቶርፋኖል በኪሎ 0.02 ሚግ፤ 10 ሚግ። ለረጅም ሥራ ዴቶሚዲኑ በጠብታ ይቀጥላል። ጠብታ ከተደጋጋሚ መርፌ ይሻላል፤ በመርፌ ፈረሱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከፍ የሚለው ደግሞ ሁልጊዜ እናንተ ከክፍሉ በወጣችሁበት ሰዓት ነው።

ማደንዘዝ፦ ከዓይኑ በላይ ያለውን የአጥንት ሸንተረር በጣት ስትዳስሱ መካከሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለች። በ25 ቁጥር መርፌ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ሊዶካይን እዚያ ሲገባ የላይኛው ቆብ ስሜት ይጠፋል። ቆቡን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ለብቻው ነው፤ ከጆሮው በፊት ባለው የጉንጭ አጥንት ላይ ይደነዝዛል። ሁለቱ ያስፈልጋሉ። ስሜት ብቻ ጠፍቶ ቆቡ ሲጨመቅ ካቴተሩ ይጣመማል። መርገብገቡ ስለሚቆም ኮርኒያውን በቅባት መጠበቅ አትርሱ።

ጭንቅላቱ፦ ከማረጋጊያው በኋላ ይወርዳል። ቁመቱ የሚስተካከል ደረቅ ትራስ ከአገጩ ሥር ይደረግለት። ጆሮው ውስጥ ጥጥ፤ የማሽኑ ሞተር ሲነሳ ድምፁ ያስደነግጠዋል። ዴቶሚዲን ሽንት ያበዛል፤ ሽንቱ ሲመጣ ፈረሱ እግሩን ከፍቶ ይዘረጋና ጭንቅላቱ ከትራሱ ይንሸራተታል። ከመጀመሩ በፊት በሽንት ቱቦ ፊኛውን ባዶ ማድረግ 10 ደቂቃ ቢወስድም ቀኑን ያተርፋል።

ካቴተሩ ከሁለቱም ጫፍ በአዝራር ይታሰርና ቆዳው ላይ ይሰፋል። ከማሽኑ ወደ ፈረሱ የሚሄደው ቱቦ ከላይ በተሰቀለ ገመድ ይንጠልጠል፤ መሬት ላይ የተጋደመ ቱቦ ይረገጣል።

ባለቢላው፦
ፈረሱ ቢነቃነቅስ? ምንጩ ውስጥ ተይዞ ቢቀርስ?

ግማሽ_ዕድሜ፦
ማሽኑ ቱቦው መታጠፉን ካወቀ ምንጩን ራሱ ይመልሳል፤ መመለስ ካልቻለ ነው አደጋው። ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙት፦ 370 ጊጋ ቤከሬል ኢሪዲየም ከ1 ሜትር ርቀት በሰዓት 40 ሚሊ ግሬይ ገደማ ይሰጣል። ለሕዝብ የተፈቀደው የዓመት ጣሪያ 1 ሚሊ ሲቨርት ነው (ለጋማ 1 ግሬይን እንደ 1 ሲቨርት ቁጠሩት)፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ላይ ያልቃል። በ1 ሴሜ ርቀት ደግሞ በደቂቃ 7 ግሬይ ገደማ። በጣት መያዝ የሚባል ነገር የለም።

ቅደም ተከተሉ፦ የአደጋ ቁልፉ ይጫናል። ካልሠራ በማሽኑ ላይ ያለው የእጅ መዘውር ይዞራል። እሱም ካልሠራ አንድ ሰው ገብቶ ካቴተሩን ከነምንጩ ከፈረሱ ነቅሎ በረጅም መቆንጠጫ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው የሊድ ዕቃ ይከታል፣ ይወጣል፣ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ፈረሱ በመለኪያ ይፈተሻል። ለዚህ ሲባል ስፌቱ በአንድ መቀስ ምት የሚፈታ መሆን አለበት፤ መቀሱም ከመቆንጠጫው ጋር ይንጠልጠል። ይህ ያለ ምንጭ፣ በሰዓት ተይዞ ልምምድ ይደረግበት።

የሊድ ሽርጥ ስለሚያምኑ ሰዎች አንድ ቃል፦ ለራጅ የተሠራው 0.5 ሚሜ ሽርጥ ለኢሪዲየም ጋማ ጨረር ምንም ያህል አያግድም። ክብደቱ ግን ሰውየውን ያዘገየዋል። ጥበቃችሁ ርቀትና ፍጥነት ነው። ዓይኑን ለመጠበቅም እንዲሁ፤ 2 ሚሜ ሊድ የኢሪዲየምን ግማሽ እንኳ አያቆምም። ቆቡን ከዓይኑ ኳስ በእርጥብ ሻሽ 5 ሚሜ ማራቅ ከቀጭን ሊድ ይበልጣል።

ስትሮንቲየም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያስፈልገው 1 ሴሜ ውፍረት ያለው አክሪሊክ ነው፤ ሊድ ቤታውን ሲያቆም ራሱ ኤክስሬይ ያወጣል። የስትሮንቲየም ዘንግ ዕድሜም ይታይ፦ ግማሽ ዕድሜው 28.8 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በሴኮንድ 0.5 ግሬይ ይሰጥ የነበረ ዘንግ በ2024 የሚሰጠው 0.22 ነው። 100 ግሬይ ለመስጠት 200 ሴኮንድ ይበቃ የነበረው 455 ሆኗል ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን የድሮ ሠንጠረዥ የሚጠቀም ሰው ግማሹን ሰጥቶ «ጨረር አልሠራም» ይላል።

ኮርቻና_ልጓም፦
የልጆቹ ጥያቄ አልተመለሰልኝም።

የጋጣ_ነርስ፦
ይቅርታ። በፈጣኑ ኢሪዲየምና በስትሮንቲየም ምንጩ ከወጣ በኋላ ፈረሱ ውስጥ ምንም አይቀርም። ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ልጆቹ ይዳብሱት።

በቀስታው ግን ሽቦው እስኪወጣ ድረስ ፈረሱ ምንጭ ነው። ለብቻው በተዘጋ ጋጣ ይቀመጣል፣ ባለቤት አይገባም፣ መጋቢው ውሃና ድርቆሽ ከበሩ ሆኖ ይሰጣል፣ የቆየባቸው ደቂቃዎች ይመዘገባሉ። ትልቁ ጣጣ ማሳከክ ነው። ፈረስ ፊቱን ግድግዳ ላይ ይፈትጋል፤ ሽቦ ይነቀላል፣ ጭድ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጋጣው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይጠረግም። ሽቦዎቹ በየቀኑ ከርቀት ይቆጠራሉ፤ በመጨረሻው ቀን ተቆጥረው ወጥተው፣ ፈረሱም ጭዱም በመለኪያ ተፈትሸው ነው ፍግ ወደ ውጭ የሚወጣው።

ባለቢላው፦
ሁሉም መልካም። ዋጋውን ግን ማንም አላነሳም። ማሽን፣ ፈቃድ፣ ፊዚሲስት፣ የታጠረ ክፍል… ለአንድ እብጠት። ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ዕጢው ውስጥ መውጋት ዓይን ዙሪያ ላለ ጠጠር መሰል ሳርኮይድ ጥሩ ውጤት አለው። ሲስፕላቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒትም አለ፦ በሰሊጥ ዘይት ተበጥብጦ ለእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ሚግ፣ በየ2 ሳምንቱ 4 ጊዜ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ማሽንም እንደዚያው ነው።

ጥቁር_ኮቴ፦
ወንድሜ፣ ቢሲጂን አልንቅም። ግን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው መርፌ ላይ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊመጣ ይችላል፤ ፍሉኒክሲንና ኮርቲኮስቴሮይድ ቀድሞ ይሰጣል፣ አድሬናሊን በእጅ ይያዛል። ሲስፕላቲን ደግሞ ሕዋስ ገዳይ መድኃኒት ነው፤ ከጠንካራ ዕጢ ውስጥ በግፊት ሲወጋ ተመልሶ ይረጫል። ጓንት፣ መነጽርና ቆሻሻውን በአግባቡ ማስወገድ የግድ ነው፤ እርጉዝ ሴት አካባቢው አትድረስ።

ጨረር ላይ ያለኝ ሚዛን እ.ኤ.አ. በ1995 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የወጣው የ115 ፈረሶች ሥራ ነው፤ ሁሉም ዓይን ዙሪያ፣ ሁሉም በኢሪዲየም-192። ሳርኮይዱ ሳያገረሽ 1 ዓመት የቆየላቸው 87 በመቶ፣ 5 ዓመት የቆየላቸው 74 በመቶ ናቸው። ለካርሲኖማ 82 እና 64 በመቶ። ቆቡ ሳይቆረጥ ይህ መገኘቱ ነው ዋጋው። እብጠቱ ደረት ላይ ቢሆን ኖሮ ከአንተ ጎን ነበርኩ።

ሞጆ_መንገድ፦
ከኢትዮጵያ ልጠይቅ። የጋሪ ፈረስ ዓይን ዙሪያ ጠጠር ስናይ ሳርኮይድ ብለን መጀመር አለብን?

ጥቁር_ኮቴ፦
አይደለም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚታሰበው ቢቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት በ28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች አይቶ 18.8 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ፈንገስ ነው፤ ሂስቶፕላዝማ ፋርሲሚኖሰም። ዓይንም ይይዛል። የሚለየው በሊምፍ መስመሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ መውጣቱና እየፈነዳ መግል ማፍሰሱ ነው። ከመግሉ ስላይድ ላይ ቀብቶ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ሲቀለም ማክሮፋጅ (ተባይ የሚውጥ የሰውነት ተከላካይ ሕዋስ) ውስጥ የእርሾ ቅርጽ ይታያል፤ ወጪው ትንሽ ነው። ሌላው ሐብሮኔማ ነው፦ በዝንብ የሚመጣ ትል፣ የዓይን ማዕዘን ላይ የማይድን ቁስል፣ ውስጡ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ቢጫ ጠጠር። ሳርኮይድ መግል አይይዝም፣ ከክፉው መልክ በቀር በሰንሰለትም አይሄድም። ቢቼ ያለበት ፈረስ ላይ ቢላና የጋራ ልጓም ወደ ሌላው ማዛመት ስለሆነ ሳይለዩ አለመንካት ነው።

ሸዋዬ_ዘ_ካርዲፍ፦
የአምባላይ ፈረስ ጅራት ሥር የሚወጣው ጥቁር ዕጢስ በጨረር ይታከማል?

ጥቁር_ኮቴ፦
ሜላኖማ ነው። ግራጫ ሆነው የሚነጡ ፈረሶች ሁሉ የሚጋሩት የዘር ለውጥ አለ (እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው የኤስቲኤክስ17 ድግግሞሽ)። ጨረር የሚመረጥለት አይደለም፤ ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ውስጥም ይኖራል። ትንሽ ሳለ በቀዶ ማንሳት ይሻላል።

ኮርቻና_ልጓም፦
ለማዕከሉ ልጽፍ ነው። ከሕክምናው በኋላ ምን ይጠበቅ?

የጋጣ_ነርስ፦
ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆዳው ይቀላል፣ ይልጣል፣ ያረጥባል። ይህ ቁጣ ይባባሳል እንጂ አይሻልም ለተወሰኑ ቀናት፤ ባለቤቱ ቀድሞ ካልተነገረው «አቃጠላችሁት» ይላል። አይታሸግም፣ በሳሙና አይታጠብም፤ በጨው ውሃ ይጠረግ፣ የዝንብ ጭምብል ይደረግለት። ጭምብሉ ዝንቡንም ፈረሱ እግሩ ላይ ፊቱን መፈተጉንም ይቀንሳል። በ6 ወይም 8 ሳምንት ይሽራል። ከዚያ የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ነው፤ አንዳንድ ቦታም አይበቅልም። ዘግይቶ የቆቡ መጠንከር፣ የዓይን መድረቅ፣ አልፎ አልፎም ሞራ ይመጣል፤ እንባው በመለኪያ ወረቀት በየጉብኝቱ ይታይ።

ጥቁር_ኮቴ፦
ዕጢው ቶሎ አይጠፋም። በጨረር የተጎዱት ሕዋሳት የሚሞቱት ሊከፋፈሉ ሲሞክሩ ስለሆነ መቀነሱ ከ3 እስከ 6 ወር ይዘልቃል። በ6ኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ቅባት መጀመር ወይም መቁረጥ የተቃጠለ ቆዳ ላይ የማይድን ቁስል መክፈት ነው። መጠኑ ባለበት ከቆመ ይጠበቅ። በግልጽ እያደገ ወይም ከጠርዙ አዲስ ጠጠር እየወጣ ከሆነ ግን ወዲያው ይመለስ።

ፎቶ ከሕክምናው በፊት፣ ከዚያ በ2 ሳምንት፣ በ6 ሳምንት፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፤ ከአንድ ርቀት፣ በአንድ ብርሃን፣ ማስመሪያ ከቆቡ ጎን ተይዞ። የብሽሽቱን ሁለት ቦታዎችም አብራችሁ አንሱ።

ኮርቻና_ልጓም፦
የብሽሽቶቹ እስካሁን አልተለኩም። ነገ አልትራሳውንድ ይደረግላቸዋል፤ ውፍረቱን እዚህ እለጥፋለሁ።

ግማሽ_ዕድሜ፦
የቆቡንም እንደገና ለኩት፤ ከቆዳው ገጽ እስከ ዕጢው ሥር፣ ከሥሩ ደግሞ እስከ ዓይኑ ኳስ። ሁለተኛው ቁጥር ነው ለዕቅዱ የጎደለው።